ቀብድ የተከፈለባቸው ፊቶች

ፎቶግራፍ የሚማሩ ልጆች ሥራቸውን ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው የማንን ሥራ እንደሚወዱ ነው። ስም ለመጥራት አይቸገሩም። ስልካቸውም በምስል የተሞላ ነው። የሚከብዳቸው ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው፤ ከዚያ ሰው ምን ወሰዳችሁ? አብዛኞቹ ቀለሙን ወስደዋል። ወይም ብርሃኑን፣ ወይም የሞዴሏን አቋቋም። ያ ሰው ቀለሙን ለምን እንደፈለገው ግን አልጠየቁም።

እዚህ የማቀርበው የአንዲት ተማሪ ጉዳይ ነው። የመመረቂያ ሥራዋን ስትሠራ ከትምህርት ቤቷ ውጪ አማካሪ ሆኜ አብሬያት ነበርኩ። ስሟን አልጠራም፤ የትምህርት ቤቱንም፣ የፎቶ ቤቱንም እንዲሁ። ታሪኩ ውስጥ የብዙ ሰው ፊት አለ፣ የእነዚያን ሰዎች ማንነት የሚጠቁም ነገር መጻፍ አልፈልግም። ቦታው ግን ፒያሳ ነው። ፒያሳ ባይፈርስ ኖሮ ሥራውም አይኖርም ነበር።

ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት ሥራዎች

ልጅቷ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለች የፎቶ አንሺዋ የአይዳ ሙሉነህ ሥራ ፍቅር ያዛት። አይዳ እ.ኤ.አ. በ1974 ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ወጥታ የመንን፣ እንግሊዝን፣ ቆጵሮስንና ካናዳን አዳርሳ ያደገች ሰው ናት። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ዋሽንግተን ፖስት ላይ ፎቶ አንሺ ሆና ሠርታለች። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል መሠረተች። ፊታቸው የተቀባ፣ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ የለበሱ ሴቶቿን ያላየ የፎቶ ተማሪ እዚህ ከተማ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

ተማሪያችን የአክስቷን ልጅ ፊት ነጭ ቀባች። መርካቶ ወርዳ ቀይ ጨርቅ ገዛች። እንጦጦ ወጥታ አነሳቻት። ፎቶዎቹ ያምራሉ፣ ሰውም ወደዳቸው። «ለምን ተቀባች?» ብዬ ስጠይቃት ግን መልስ አልነበራትም።

የአይዳ ቀለም መልስ አለው። ለዜና የሠራ ሰው አፍሪካ በዜና ፎቶ ላይ እንዴት እንደምትቀርብ በደንብ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዋተርኤይድ ለተባለው የግብረ ሰናይ ድርጅት «ዋተር ላይፍ» የሚለውን ሥራ ስትሠራ ርዕሱ የውሃ ችግር ነበር፤ ያነሳችውም አፋር፣ ዳሎል ነው። ጀሪካን ተሸክማ የምትሄድ የደከመች ሴት ፎቶ ሁላችንም ስንት ጊዜ አይተናል? እሷ ያንን ላለመድገም ሌላ መንገድ ፈለገች። የፊት ቀለሙም ከሰውነት ማስዋብ ባህል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ያቀረበችው ሥራ ርዕስ እንኳ ከአያቷ አባባል የተወሰደ ነው፤ ዓለም ዘጠኝ ናት የሚለው። ቀለሙ አንድ ሰው ለነበረበት ችግር ያገኘው መፍትሔ ነው። ተማሪዋ መፍትሔውን ወሰደች፣ ችግሩን ግን አልያዘችም።

ሁለተኛው ሥራዋ የግርማ በርታን መንገድ የተከተለ ነበር። ግርማ በስልኩ የአዲስ አበባን ጎዳና ሰው ያነሳል። ከዚያ ሰውየውን ከግርግሩ ለይቶ በአንድ ቀለም ላይ ከጥላው ጋር ብቻውን ያቆመዋል። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም የገንዘብ ድጋፍ አሸንፏል። እኛ ሳናይ የምናልፈውን ሰው ዓይናችን እንዲያርፍበት ያደርጋል። ተማሪዋ ሊስትሮ፣ ቆሎ ሻጭ፣ ወያላ አነሳች፤ በኮምፒውተር ቆርጣ ብርቱካንማ ቀለም ላይ አስቀመጠች። እዚህ ላይ የጎደለው ቆሞ ማየት ነው። ግርማ ቀለሙ ጋ የሚደርሰው ሰዉን ካየ በኋላ ነው። እሷ ቀለሙን ይዛ ሰው ፍለጋ ወጣች።

ሁለቱም ሥራዎች ጥሩ ውጤት አስገኝተውላታል። ይህን የምጽፈው ለማጣጣል አይደለም። መኮረጅ መማሪያ ነው፣ ሠዓሊዎችም እንዲሁ ነው የሚማሩት። ግን ሦስተኛው ሥራ መጣ፤ ማንን ልምሰል የሚለው ጥያቄ ደግሞ እዚያ ላይ አላዋጣም።

ፎቶ ቤቱ

መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ካሜራ ያለው ሁሉ ፒያሳ ነበር። እሷም ሄደች። ግማሽ የቀረ ግድግዳ፣ ወደ ባዶ ቦታ የተከፈተ በር፣ አቧራ። ሁሉም ያነሳውን አነሳች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ከፎቶ ቤታቸው ዕቃ ሲያወጡ አገኘቻቸው። ካሜራዋን ወደ ጀርባዋ አዞረችና «ጋሼ፣ ላግዝዎት?» አለቻቸው። «ያዢ ልጄ። ይቺ እንዳትገለበጥ ብቻ» ብለው ካርቶን አስያዟት።

ፒያሳ ፎቶ ቤት የለመደ ሰፈር ነው። የከተማዋ የፎቶ ታሪክ ከአርመኖች ጋር የተያያዘ ነው፤ ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፣ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ቀጥለውበታል። በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ። የእኛ ሽማግሌ ከእነዚያ አንዱ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሠሩት በአብዛኛው ጉርድ ፎቶ ነው።

ጉርድ ያልጠየቀ ቢሮ አልነበረም። ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሥራ ማመልከቻ ፎቶ ያስፈልጋል። አሁን ፋይዳ ለመውሰድ የሄደ ሰው እዚያው ካሜራ ፊት ይቀመጣል፤ ፓስፖርትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቤቱ ባይፈርስ እንኳ ገበያው ቀድሞ እየሄደ ነበር። ይህን መናገር ያለብኝ ታሪኩ ሁሉ በመፍረስ እንዳይላከክ ነው።

ካርቶኖቹ ውስጥ የነበሩት ፖስታዎች ናቸው። በየፖስታው ጉርድ ፎቶና ኔጋቲቭ አለ። ደንበኛ ይመጣል፣ ቀብድ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይዞ ይሄዳል። ከቀናት በኋላ ቀሪውን ከፍሎ ይወስዳል። እነዚህ ግን ሳይወሰዱ የቀሩት ናቸው። ፖስታው ላይ ቁጥር፣ ቀን፣ አንዳንዴ የመጀመሪያ ስም ብቻ አለ። ከዚያ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ቀሪ 2 ብር» ይላል። ሽማግሌው አንዱንም አልጣሉም። «ቀብድ የተከፈለበት ዕቃ ይጣላል እንዴ?» አሉን። ነገሩ ለእሳቸው ያን ያህል ግልጽ ነው።

አንዱን ኔጋቲቭ ብርሃን ሳጥን ላይ አድርገን በማጉያ አየነው። 6 በ6 ሴንቲ ሜትር ፊልም ነው። የአንዲት ወጣት ሴት ፊት ነው። ከዓይኗ ሥርና ከአፍንጫዋ ጎን ተደራርቦ የተጫረ በጣም ቀጭን የእርሳስ ምልክት አለ። ሪታች ነው። እርሳሱን በምላጭ እስኪሾል ይቀርጹታል። ከዚያ ፊልሙ ላይ ጥላ ያለበትን ቦታ እየነካኩ ያጠቁሩታል። ኔጋቲቭ ላይ የጠቆረ ነገር ሲታተም ይነጣል፤ ከዓይን ሥር ያለው ድካም በዚህ ይጠፋል። በተቃራኒው ማጥቆር ሲፈልጉ ፊልሙን በምላጭ ጫፍ በጥንቃቄ ይፍቁታል። ይህ ሁሉ ልፋት 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ለሆነች፣ የሆነ ቢሮ ፋይል ውስጥ በስቴፕለር ተመትታ ለምትቀር ፎቶ ነው። ልጅቷ ለምን ይህን ያህል እንደሚለፉ ጠየቀቻቸው። «የሰው ፊት አይደል እንዴ» አሉ፣ በጥያቄዋ ተገርመው።

እኔ በበኩሌ ሥራው የተወለደው እዚያ ላይ ይመስለኛል። እሷ ግን ገና አልታያትም ነበር።

አንድ የተግባር ነገር ልጨምር፣ የቤተሰብ ፊልም ላለው ሰው ይጠቅማልና። ኔጋቲቭ ከተቀመጠባቸው የብስኩት ቆርቆሮዎች አንዱ ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ነበረው። አሲቴት ፊልም ሲበላሽ አሲድ ይለቃል፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲሆን አንዱ ሌላውን ያበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ የተደረገው ፎቶ ማንሳት ሳይሆን ኔጋቲቮቹን ከቆርቆሮው ማውጣት ነበር። የሚሸቱት ከማይሸቱት ተለዩ። እያንዳንዱ በአዲስ ወረቀት ፖስታ ገባ፣ የድሮው ቁጥር በእርሳስ ተገለበጠ። ከዚያ ትንሽ ነገር በቅርብ በሚያነሳ የተውሶ ማክሮ ሌንስ አንድ በአንድ በዲጂታል ተነሱ።

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር

የመጀመሪያ ዕቅዷ ትልቅ ነበር። ፊቶቹን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አሳድጋ የአዳራሹን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መሙላት። አብዛኞቹ ፖስታዎች ላይ ያለው ቀን ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ቀይ ሽብር ያለፈበት ዘመን ነው። መግቢያው ላይ የምትለጥፈውን ጽሑፍ አስነበበችኝ። በቀጥታ አይልም፣ ግን እነዚህ ሰዎች ፎቷቸውን ለመውሰድ ያልተመለሱት ስለተወሰዱ ነው የሚል ስሜት ይሰጣል። መምህሯ በጣም ወደውት ነበር። የሚያስደነግጥ ሥራ ይሆን ነበር፤ ይህን አልክድም።

ጽሑፉን ለሽማግሌው እንድታነብላቸው ነገርኳት። አነበበችላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና «ልጄ፣ ይሄን በምን አወቅሽ?» አሏት። ከዚያ እሳቸው የሚያውቁትን ነገሯት። አንዳንዱ ሁለት ብር አጥቶ ነው። አንዳንዱ ለሥራ ማመልከቻ ተነስቶ ሥራው ሲቀር ፎቶውም ቀረ። አንዳንዱ ክፍለ ሀገር ተመደበ። ደረሰኝ የጠፋበትና ለመጠየቅ ያፈረም አለ። «የሞተም አይጠፋም። የቱ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅ፣ አንቺም አታውቂ።»

ጽሑፉ እዚያው ተቀደደ። በማስረጃ ያልተያዘ ሐዘን በሰው ፊት ላይ መለጠፍ ለፎቶ አንሺ በጣም የቀረበ ፈተና ነው። አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በራሱ ያሳዝናል፣ ተመልካቹም ለማመን ዝግጁ ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቀይ ሽብር ሰለባ ቤተሰቦች እውነተኛ ፎቶ ይዘው በሚኖሩበት ከተማ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ የሕግ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 ግልጽ ነው፤ የሰውን ፎቶ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ አይቻልም። ቁጥር 28 ለየት ያሉ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። ሰውየው ታዋቂ ከሆነ ወይም ሕዝባዊ ሥልጣን ካለው፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ካስፈለገ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ከሆነ ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። የቅጂ መብትን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ የሚሰጠው የኢኮኖሚ ጥበቃ ከተነሳበት ጊዜ አንስቶ 25 ዓመት ነው። ስለዚህ በፎቶ አንሺው በኩል ጊዜው አልፏል፤ ሽማግሌውም ፈቅደዋል። የቀረው የሚታየው ሰው መብት ነው።

መምህሯ «ባህል ነው፣ ቁጥር 28 ይሸፍነናል» አሉ። ምናልባት ፍርድ ቤት ቢቀርብ ያስኬድ ይሆናል። እኔ ግን አልተስማማሁም። ሰው ጉርድ የተነሳው ለመታወቂያ ነው። ኮስተር ብሎ፣ ጆሮው እንዲታይ፣ ሻሽና ኮፍያውን አውልቆ፣ ቢሮ በጠየቀው መልክ ነው የተቀመጠው። ያንን ፊት አንድ ሜትር አሳድጎ መስቀል ያላሰበውን ነገር ማድረግ ነው። እናቴ ብትሆንስ ብዬ ጠየቅኋት። «አልፈልግም» አለች ወዲያው።

ሦስት አርቲስቶች፣ ሦስት ሌላ ዓይነት ዕዳ

ከዚህ በኋላ ነው አርቲስቶች በሌላ በር የገቡት። «ምን ዓይነት መልክ ልስጠው» የሚለውን ትታ «ይህ ነገር የገጠመው ሌላ ማን አለ» ብላ መፈለግ ጀመረች።

አንደኛው እዚሁ ከተማ ያለ ሰው ነው። ሚካኤል ፀጋዬ እ.ኤ.አ. በ1975 አዲስ አበባ ተወለደ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥዕል ተምሮ እ.ኤ.አ. በ2002 ተመረቀ። የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበትና ሥዕሉን ትቶ ወደ ፎቶግራፍ ዞረ። ከሥራዎቹ አንዱ የመቃብር ድንጋይ ላይ የተለጠፉ ፎቶዎችን የሚያሳይ ነው። ፀሐይና ዝናብ በልቷቸው ፊታቸው የተሰነጠቀ፣ የደበዘዘ፣ አንዳንዱ ዓይኑ ብቻ የቀረ። ብዙዎቹ መጀመሪያ ጉርድ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሰው ሲሞት እቤት የሚገኘው ፎቶ እሱ ነዋ። ተማሪዋ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋለች። ሚካኤል ፎቶውን አላሳደሰም፣ በኮምፒውተርም አላጸዳም። ጉዳቱን አብሮ አነሳው። እሷ ደግሞ የተነሱትን ፊልሞች በሙሉ ጭረታቸውን እያጸዳች ነበር። አቆመች። የእርሳሱ ሪታችም፣ የጣት አሻራውም፣ «ቀሪ 2 ብር» የሚለውም የሥራው አካል ሆኑ።

ሁለተኛው ሳንቱ ሞፎኬንግ ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊ ፎቶ አንሺ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ያረፈ። እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1950 ባለው ጊዜ የተነሱ የጥቁር ቤተሰቦችን ፎቶ በየቤቱ እየዞረ ሰበሰበ። እነዚህ በየመሳቢያው፣ በየሳጥኑ የነበሩ ናቸው። ባለቤቶቹን ጠየቀ። ማን እንደሆኑ፣ ማን እንዳነሳቸው፣ የት እንደተነሱ የቻለውን ያህል አጣራ። ያገኘውን ስምና ታሪክ፣ እንዲሁም የራሱን ጥያቄዎች ከፎቶዎቹ ጋር በጽሑፍ አቀረበ። እኔ ይህ ሥራ ለሁሉም የፎቶ ተማሪ ቢታይ ደስ ይለኛል። ያልታወቀውን እንዳልታወቀ ትቶታል። ልጅቷ የቀደደችውን ጽሑፍ በምን እንደምትተካ ያወቀችው ከዚህ ነው፤ ስትጠይቅ ባገኘችው።

ሦስተኛው ሴይዱ ኬይታ ነው። የማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1948 ስቱዲዮ ከፍቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው አነሳ። መጀመሪያ መጋረጃ ያደረገው የራሱን የአልጋ ልብስ ነበር። በየሁለት ሦስት ዓመቱ መጋረጃውን ይቀይራል፤ በኋላ ፎቶዎቹ መቼ እንደተነሱ የለየው በመጋረጃው ነው። ፊልም ውድ ስለሆነ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያነሳው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራው ኒውዮርክ ሲታይ የፎቶ አንሺው ስም አልታወቀም ነበር፤ ማንነቱ የታወቀው በኋላ ተፈልጎ ነው። ተማሪዋ ይህን ለሽማግሌው ስትነግራቸው መጋረጃው ላይ ቀልባቸው አረፈ። «እኔም እኮ በመጋረጃ አውቃለሁ» አሉ። ፖስታው ላይ ቀን የሌለባቸውን ኔጋቲቮች አንስተው ማየት ጀመሩ። ይሄ የድሮው ግራጫ ነው፣ ይሄ ከአብዮቱ በኋላ የተገዛው ነው፣ ይሄ እጥፋት ያለበት የባለቤቴ ነው። ቀን ያልነበራቸው ብዙ ፖስታዎች በዚያ ከሰዓት በኋላ ዘመናቸው ተለየ።

ሰዎቹን መፈለግ

ፊቶቹን ኢንተርኔት ላይ መለጠፍ የማይታሰብ ነበር። ፈቃድ ለማግኘት ብሎ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ይሆናል። መፍትሔው ከሽማግሌው መጣ፤ ዕድር። ሰፈሩ ቢበተን ዕድሩ አልተበተነም። ገላን ጉራና ቦሌ አራብሳ የሄዱት ሳይቀሩ ለወር መዋጮ ይመጣሉ። የዕድሩ ሰብሳቢ ስብሰባ ላይ አስታወቁ። እንዲህ ያለ ፎቶ ቤት ተነስታችሁ ያልወሰዳችሁ ካላችሁ፣ ፎቷችሁ አለ፣ በነፃ ውሰዱ።

የመጡት በዕድሜ የገፉ ናቸው። አብዛኞቹ የራሳቸውን አላገኙም፤ የሌላ ሰው አገኙ። «ይቺ የእትዬ እከሊት ልጅ አይደለችም?» ይባላል፣ ስልክ ይደወላል፣ ልጅ ወይም እህት ይመጣል። አንድ ሰውዬ የእናታቸውን ሁለት ፖስታ በተለያየ ዓመት አገኙ። ሁለቱንም ጊዜ ቀብድ ከፍለው ሁለቱንም ጊዜ አልመጡም። ሰውየው ብዙ አላወሩም። ቀሪውን ልክፈል ብለው ግን ሽማግሌውን አስቸገሩ፤ ሽማግሌውም አልተቀበሉም።

አንዲት እናት ደግሞ ራሳቸውን አገኙ። በወጣትነታቸው ነው፣ ቆንጆ ነበሩ። ፎቶውን ወሰዱ፣ አመሰገኑ፣ ሕዝብ ፊት እንዲታይ ግን አልፈቀዱም። ምክንያትም አልሰጡ፣ አልተጠየቁምም። ኔጋቲቩ አብሮ ተሰጣቸው፤ ኮምፒውተር ላይ የነበረውም እሳቸው እያዩ ጠፋ። ተማሪዋ በኋላ በእሳቸው ቦታ ባዶ ፍሬም ልትሰቅል አሰበች። እኔ ተቃወምኩ። ባዶው ፍሬምም እኮ እሳቸውን ማሳየት ነው፤ አልፈልግም ማለታቸውን ኤግዚቢሽን ማድረግ ነው። ለሁለት ቀን ተኳረፍን፣ ከዚያ ተወችው።

የፈቀዱትን በአዲስ አነሳቻቸው። ቦታው የዕድሩ ቤት ነው፤ ድስቱ፣ አግዳሚው፣ የተጠቀለለው ድንኳን ያለበት። በሩ ሰፊ ስለሆነ ጥሩ ብርሃን ይገባል። ሽማግሌው ያወጡት ግራጫ መጋረጃና በርጩማ ተተከለ። መጀመሪያ ላይ «እንደፈለጋችሁ ሁኑ» ትላቸው ነበር። ሰዎቹ ግትር አሉ። ካሜራ ፊት «እንደፈለግህ ሁን» የተባለ ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም። ወደ ኬይታ ተመለሰች። ኬይታ ሰውን ያስቀምጥ ነበር፤ ትከሻውን ያዞራል፣ እጁን ያስይዛል፣ ለእያንዳንዱ የሚያምርበትን አቀማመጥ ይፈልጋል። ሽማግሌውም ከጎኗ ሆነው «አገጭ ወረድ፣ ወረድ፣ በቃ» ይሉ ጀመር። ፎቶዎቹ ከዚያ በኋላ ተቀየሩ። ነጠላ ማስተካከል፣ ከዘራ መያዝ፣ ልጅ ጭን ላይ ማስቀመጥ መጣ። እንደ ኬይታም ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ አላነሳችም።

ግድግዳው

ኤግዚቢሽኑ አራዳ አካባቢ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የድሮዎቹ ጉርዶች በራሳቸው መጠን ቀረቡ፤ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር፣ ከነፖስታቸው፣ በጠባብ መደርደሪያ ላይ። ለማየት መጠጋት ያስፈልጋል። አጠገባቸው ማጉያ ተቀምጧል። ይህን ውሳኔ ከማንም አልወሰደችውም፤ ከሥራው ሁሉ እኔ የምወደውም እሱን ነው። አዲሶቹ ፎቶዎች ከበላያቸው በትልቁ ተሰቀሉ። ከሥር ስም ያለው ስሙ፣ የማይታወቀው ነገር ደግሞ «አልታወቀም» ተብሎ ተጻፈ። ባለቤታቸው ወይም ቤተሰባቸው ያልተገኘላቸው ፊቶች በሙሉ አልቀረቡም። የእነሱ ፖስታ ጀርባው ብቻ ታየ፤ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ቀሪው።

ጉድለትም አለው። አዲሶቹ ፎቶዎች ቁጥራቸው በዝቷል፣ ሲሶው ቢቀነስ ይጠነክር ነበር። የሽማግሌውን ሪታች የሚያሳየው ክፍል ጥግ ላይ ተገፍቷል፤ ለእኔ መሐል መሆን ነበረበት። መምህሯ እስከ ዛሬ ድረስ ትልልቆቹ ፊቶች ይሻሉ ነበር ብለው ያምናሉ። ለኤግዚቢሽን የበለጠ ኃይል ነበራቸው ሲሉ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ግን የእነዚያ ሰዎች ፊት የእኛ ኃይል ማሳያ እንዲሆን አልፈቅድም።

ፎቶዎቹ አልተሸጡም። ሽማግሌውና ተማሪዋ በሁለት ምስክር ፊት ወረቀት ተፈራርመዋል። ኔጋቲቮቹ የሽማግሌው ናቸው፤ ከእሳቸው በኋላ ልጃቸው ትይዛቸዋለች። ተማሪዋ ቅጂ ትይዛለች፣ ያለ ባለቤቱ ወይም ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ አንዱንም አታሳይም። ቁጥሮቹ በደብተር ተመዝግበዋል፣ ባለቤቱ የመጣለት ፖስታ ይሰረዛል።

አሁን የሚቀጥለው ዙር ገላን ጉራ ነው፤ ወደ ዕድሩ መምጣት ያቃታቸው አዛውንቶች እዚያ አሉ። ልጅቷ ካርቶኖቹን በራይድ ይዣቸው ልሂድ ትላለች። ሽማግሌው እኔ ከሌለሁ ፊቱን ማን ይለይልሻል ብለው እንቢ ብለዋል። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ደረጃ የሌለበት ምድር ቤት እየተፈለገ ነው።